የተማሪው ጠባይ ከክፍል ክፍል ለምን ይለያያል? የአንድ ምትክ መምህር ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠባይ የሚነቅፍ አስተያየት ሳይወጣ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። አስተያየቶቹ አብዛኛውን ጊዜ «የዛሬ ልጅ» ብለው ይጀምሩና ስልኩን፣ የወላጁን መላላት፣ የአርጩሜውን መቅረት በየተራ ወቅሰው «ትውልዱ ጠፍቷል» ወደሚል ፍርድ ይደርሳሉ። ፍርዱን የሚሰጡት ሰዎች ለልጆቹ አሳቢዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ብዙዎቹም የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። እኔ ግን ከምሠራው ሥራ የተነሣ ይህን ፍርድ መቀበል ስላቃተኝ ምክንያቴን በዝርዝር ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ከጡረታ ወዲህ መምህራን በወሊድ፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ከሥራ ሲለዩ በእነርሱ ምትክ በኮንትራት እየገባሁ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ ዙሪያ በሚገኙ የመንግሥትና የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምራለሁ። የራሴ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ሰዓትም መምህር የቀረበትን ክፍል እንድይዝ ስለምላክ፣ ታሪክ የማይማሩትን የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጭምር በቅርብ አያለሁ። ቋሚ መምህር የሚያየው ተማሪ ከእርሱ ጋር የተለማመደ፣ ቁጣውንም ትዕግሥቱንም ያወቀ ተማሪ ነው። ምትክ መምህር ግን ማንም የማያውቀው እንግዳ ሆኖ ስለሚገባ፣ ክፍሉ ተቆጣጣሪ በሌለበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ገና በሩ ላይ ሳለ ይታየዋል። በዚህ ዓይን ስመለከተው «የዛሬ ተማሪ» የሚባል አንድ ወጥ ጠባይ ያለው ልጅ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ያሉ፣ በዕድሜም በሰፈርም በኑሮም የሚቀራረቡ ልጆችን የያዙ ሁለት ሴክሽኖች በጠባይ የሰማይና የምድር ያህል ተራርቀው ነው። የጠባዩ ምንጭ ትውልዱ ቢሆን ኖሮ፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይህን ያህል ልዩነት ባልፈጠረ ነበር።

ከ9ኛ ክፍል ልጀምር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪውን አልፎ ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበ፣ በቁመቱ ያደገ በልማዱ ግን ገና የታችኛው ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ነው። ጩኸቱ ብዙ ነው፤ ክፋት ግን የለበትም። ርዕሱ በቀይ ይጻፍ ወይስ በሰማያዊ፣ መስመር ይዘለል ወይስ አይዘለል ብሎ ሳይጠይቅ ማስታወሻ አይጀምርም፤ ጎረቤቱ እስክሪብቶውን ከወሰደበትም ትምህርቱን አቋርጦ ይከሳል። ይሁንና የዚህን ክፍል ረብሻ በጥሞና ለተከታተለው ሰው፣ ረብሻው የሚነሣበት የታወቀ ቦታ አለው። በአዲስ አበባ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የ9ኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንዳለ ሳነብ ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ይጀምራል፤ በሁለተኛው አንቀጽ ሹክሹክታው ወሬ ይሆናል፤ በሦስተኛው የተጠቀለለ ወረቀት ከወዲያ ወዲህ ይበራል። መጽሐፉን አጥፌ ስለ አዱሊስ ወደብና ስለ አክሱም ነገሥታት ገንዘብ በአማርኛ ማስረዳት ስጀምር ያው የኋላ ወንበር አንገቱን ያሰግጋል። «ቲቸር፣ ኢዛና ክርስቲያን ሳይሆን በፊት ገንዘቡ ላይ መስቀል ካልነበረ ታዲያ ምን ነበረበት?» ብሎ የጠየቀኝ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ወረቀት ሲወረውር ያየሁት ልጅ ነበር። የፀሐይና የጨረቃ ምልክት እንደነበረበት ስነግረው ሥዕሉን በደብተሩ ላይ ሠርቶ አሳየኝ።

ይህን ስል የማስተማሪያ ቋንቋው ይለወጥ ማለቴ አይደለም፤ እርሱ ሌላ ክርክር ነው፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁትም አሉ። ማለት የፈለግሁት፣ ረብሻ ብለን በምንመዘግበው ነገር ውስጥ ያለመረዳት ድርሻ ትልቅ መሆኑን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በጓደኞቹ ፊት «አልገባኝም» ከሚል «ረባሽ» ቢባል ይመርጣል፤ ረባሽ መባል በዚያ ዕድሜ እንዲያውም የማዕረግ ያህል ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ባደገበት የግል ትምህርት ቤት ያንኑ አንቀጽ ሳነብ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ ጸጥታውን ግን ለተሻለ አስተዳደግ ምልክት አድርጌ አልወስደውም፤ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያስቸግረው ሌላ ነገር፣ ማለትም አንዳንዱ ተማሪ መምህሩን አባቱ እንደቀጠረው ሠራተኛ መመልከቱ ነውና። የአምስት ነጥብ ፈተና ውጤት ከመነገሩ የወላጅ መልእክት በቴሌግራም ሲደርስ አይቻለሁ። ስለ ግል ትምህርት ቤቶች ከዚህ በላይ ማለት አልሻም።

10ኛ ክፍልን ከሌሎቹ የሚለየው ከፊቱ ምንም የሚጠብቀው አለመኖሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ተማሪው በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ብሔራዊ ፈተና ይወስድ፣ ወደ መሰናዶ የሚያልፈውና ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚሄደውም በዚያ ይለይ ነበር። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንዲመለስ አልመኝም፤ ገና በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ዕድላቸው የተቆረጠ ልጆችን ወደ ቤታቸው ስሸኝ ኖሬአለሁ። ሆኖም ፈተናው ሲነሣ ዓመቱን የሚሞላ ሌላ ቁም ነገር አልተተካለትምና፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በ8ኛውና በ12ኛው ፈተና መካከል ያለውን ጊዜ እንደ ዕረፍት ቢቆጥረው አይገርምም። በዚያ ላይ በዓመቱ መጨረሻ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚመርጥ፣ ገና በኅዳር ወር «ቲቸር፣ እኔ ናቹራል ነኝ» ይለኛል። ይህም በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ደብተር ይዞ መቀመጥን እንደ መብት ያቀረበበት አነጋገር ነው። ከእርሱ ጋር መከራከር ከባድ ነው፤ እንዲህ እንዲያስብ ያደረግነው እኛው ነንና።

ምክንያቱም በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፦ «ሶሻሎች ናቸው፤ ምን ታደርጋቸዋለህ?» የሚል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ረባሽና ሰነፍ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ጨዋና ትጉህ ተደርጎ ይወሰዳል። ሁለቱንም ዓይነት ክፍል ይዤ እንዳየሁት ልዩነቱ አለ፤ አለመኖሩን ብናገር እዋሻለሁ። መምህር የቀረበት የናቹራል ክፍል ስገባ አብዛኛው ተማሪ የፊዚክስ ጥያቄ እየሠራ ይቆየኛል፤ የሶሻሉ ክፍል ግን ገበያ ይሆናል። ነገር ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገቡ ተወስኖ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት፣ ሶሻል የተረፈ ሰው መሄጃ ነው የሚለው ስሜት ከዩኒቨርሲቲ አልፎ እስከ 11ኛ ክፍል ወርዷል። ልጁ ከመግባቱ በፊት የሚጠበቅበት ጠባይ ተነግሮት የገባ ነው። በትምህርት ሰዓት ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። የናቹራሉ ተማሪ የጻፍኩለትን ይገለብጣል፤ የሶሻሉ ተማሪ ይከራከረኛል። ስለ 1966ቱ አብዮት ሳስተምር «አያቴ የነገሩኝ ከዚህ ይለያል» ብሎ እጁን የሚያወጣው፣ ጓደኛውም ተቃውሞት ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚናገሩት፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም «ዝም በሉ፣ ቲቸር ይጨርሱ» ብላ ከሁለቱም በላይ የምትጮኸው በዚያ ክፍል ነው። የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር በኮሪደሩ ሲያልፍ የሚሰማው ጫጫታ ነው፤ የታሪክ መምህር ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት ሊመኝ አይችልም።

12ኛ ክፍል ጸጥተኛ ነው። ጸጥታው ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በዚያው ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች ከእኔ በተሻለ በቃሉ ያውቃቸዋል። ስለዚህ አይረብሽም፤ ብዙ ጊዜም አይኖርም። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ በኋላ ገሚሱ እየፎረፈ በየቤተ መጻሕፍቱና በየማጠናከሪያ ትምህርቱ ይውላል፤ የመጣውም ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከጠረጴዛ በታች ይሠራል። ርዕሳነ መምህራን ይህን ክፍል እንደ ሥነ ምግባር ምሳሌ ሲጠቅሱ እሰማለሁ። እኔ ግን አንገቱን ደፍቶ የማይሰማኝን ተማሪ እየጮኸ ከሚሰማኝ ተማሪ አስበልጬ ጨዋ ማለት ይከብደኛል።

እስከዚህ ያልኩት በክፍል ደረጃዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። በአንድ የክፍል ደረጃ ውስጥ ባሉ ሴክሽኖች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት በዋናነት ስለዚህ ነው። ባስተማርኩበት አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከ10ኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹም የመጨረሻውም ሴክሽን ደርሰውኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስገባ ተማሪው ከመቀመጫው ይነሣል፤ ሰሌዳው ተጠርጓል፤ የክፍሉ አለቃ የቀሩትን ተማሪዎች ስም ጽፎ ያቀብለኛል። በመጨረሻው ስገባ ገሚሱ ኮሪደር ላይ ነው፤ የገባውም ጀርባውን ሰጥቶኝ ያወራል። ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» በሚል ርዕስ የስም ዝርዝር ተጽፎ ከየስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ተደርድሯል፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሠፈረው የክፍል አለቃው የራሱ ስም ነው። ማን እንደጻፈው ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አለቃውም ሳቀ።

ባልደረቦቼን ስጠይቅ «እዚያ ሴክሽን የገቡት ልጆች እንዲያ ናቸው» አሉኝ። ልጆቹ እንዴት እዚያ እንደገቡ የነገረኝ የስም መጥሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሴክሽኖች ስሞቹ በፊደል ተራ ይሄዳሉ፤ ምዝገባው በጊዜው የተጠናቀቀላቸው ተማሪዎች ናቸውና። የመጨረሻው ሴክሽን ዝርዝር ግን ጥቂት ስም በተራ ከሄደ በኋላ ተራውን ስቶ ተማሪው እንደመጣበት ቀን የተጻፈ ነው። ክፍል የደገመው፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረው፣ መሸኛው የዘገየበት፣ ቤተሰቡ ሰፈር ሲቀይር ትምህርት የጀመረው ከጥቅምት በኋላ የሆነው ሁሉ ሌሎቹ ሴክሽኖች ከሞሉ በኋላ ስለሚመጣ አንድ ላይ ይታጎራል። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም። መዝገብ ቤቱ ቦታ ባለበት አስገብቷል፤ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ይይዘዋል የተባለው 40 ተማሪ መሆኑን ማንም አልዘነጋም፤ የመጣው ተማሪ ግን ከዚያ ይበልጣል። ውጤቱ ግን ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች በሙሉ መርጦ፣ እርስ በርስ በማይተዋወቁበት፣ ጓደኛም አርአያም በሌላቸው ክፍል እንደማኖር ሆነ።

ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ የትውልድ ሰፈራቸው እዚሁ አጠገብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደርና ለመልሶ ማልማት ሥራ ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል፤ ከፊሎቹ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ከለመዱት ትምህርት ቤት መንቀል አልፈለጉም። ከገላን ጉራ ወይም ከአራብሳ ተነሥቶ አራት ኪሎ የሚማር ልጅ ሌሊት ተነሥቶ፣ ከአንድ በላይ ትራንስፖርት ቀይሮ ነው ሰልፍ ላይ የሚደርሰው። የቀደመው ታክሲ ሞልቶ ካለፈው የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋበታል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል፤ በሁለተኛው ሲገባ የት እንደተደረሰ አያውቅም። በአራተኛው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይተኛል፤ እንቅልፉም በንቀት ይቆጠርበታል። አንዱን ተማሪ ቀስቅሼ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቀው የነገረኝ ሰፈር፣ እኔ ለለቅሶ ስሄድ እንኳ ሩቅ ነው ብዬ የማማርርበት ነው። እነዚህን ልጆች ስለ ከተማ አመሠራረት በምናስተምርበት ሰዓት በፒያሳ ስለሚገኙት ስለ ሰራተኛ ሰፈርና ስለ ዶሮ ማነቂያ ስም አወጣጥ ጠይቄአቸው፣ በሌላው ሴክሽን ያላገኘሁትን ያህል ዕውቀት አግኝቼባቸዋለሁ። የየትኛው ግቢ የቧንቧ ውኃ ለስንት አባወራ ይደርስ እንደነበር፣ የትኛው ቤት በማን ዘመን እንደተሠራ ከአያቶቻቸው ሰምተው ያውቃሉ።

ሴክሽኑ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ተለወጠ። የለወጠው የእኔ ማስተማር አልነበረም። ሆም ሩም የምንለው የክፍል ኃላፊ መምህር ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ወራት አልፈው ስለነበር ሴክሽኑ ባለቤት አልነበረውም፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አንዲት የሒሳብ መምህርት መደቡለት። መምህርቷ አልጮኸችም፤ ቅጣትም አላበዛችም። ጠዋት ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በሩ ላይ ቆማ የሚገባውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። ያልመጣ ተማሪ ካለ በዚያው ቀን ለወላጁ ትደውላለች፤ የምትደውለውም ለመክሰስ ሳይሆን ምን እንደገጠመው ለመጠየቅ ነው። ከሩቅ የሚመጡትን ለይታ፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያመለጠው ማስታወሻውን ከማን እንደሚገለብጥ ወስናለች። አለቃውን አልሻረችውም፤ በዚያ ላይ የቀሪ ተማሪዎችን ዝርዝር እየፈረመ እንዲያስረክባት አደረገች። በፋሲካ ማግሥት ስገባ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ያለፈው ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ ነበር። ጫጫታው ፈጽሞ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም የሚጠብቅ ሰው 10ኛ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ሳስተምር ይሰሙኝ ጀመር። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ወላጆቻቸውም ያው ናቸው፣ ስልካቸውም ያው ነው።

የምትክ መምህር አቀባበልም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወደየክፍሉ ራሳቸው አስገብተውኝ «እስከ ሰኔ ታሪክ የሚያስተምሯችሁ እርሳቸው ናቸው፤ የሚሰጧችሁ ፈተና ይያዛል» ብለው አስተዋወቁኝ። በሌላው ዩኒት ሊደሩ ከኮሪደሩ ጫፍ በጣቱ እያመለከተ «ያ ነው ክፍሉ፣ ዝም ብለው ይያዙልን» አለኝ። ተማሪ ለምትክ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ቲቸር፣ ውጤት ይይዛሉ?» የሚል ነው። ጥያቄው የብልጠት ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ ልጁ ማወቅ የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ የላከው መምህር ነው ወይስ ጠባቂ የሚለውን ነውና። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ጥያቄው ሳይነሣ ተመልሷል። በሁለተኛው እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ትተውት የሄዱት መምህር የት እንዳደረሱ፣ ስንት ፈተና እንደሰጡ የሚነግረኝ አንድ ወረቀት አልነበረም። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን መሆኑ በሕግ የታወቀ፣ ቀኑም ከወራት በፊት የሚገመት ነገር ሆኖ ሳለ፣ ምትክ የሚፈለገው መምህርቷ ከወጡና ክፍሉ ለሳምንታት ባዶ ከቆየ በኋላ ነው። እነዚያን ሳምንታት ያለ መምህር ያሳለፈ ክፍል፣ ከዚያ በኋላ የገባውን ሰው በጥርጣሬ ቢቀበል ሥርዓት አልባ ልለው አልችልም።

ስለ ረሃብ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። በከተማችን መንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራሙ ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ሲደርስ፣ ሁለተኛ ደረጃ የገባው ልጅ ግን ምሳውን ራሱ መቻል አለበት። ከምሳ ሰዓት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ በየትኛውም ሴክሽን ከጠዋቱ የከፋ ነው፤ በመጨረሻው ሴክሽን ደግሞ ሳይበላ የዋለው ይበዛል። ባለፉት ዓመታት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተቀራረቡ ቀናት ሲገቡ አንድ የሚገርም ነገር አስተውያለሁ፤ በጾሙ ምክንያት የማይበላው ከሌለው ጋር አንድ ላይ ደረጃ ላይ ስለሚቀመጥ ማን በምን ምክንያት እንዳልበላ የሚለይ አልነበረም፤ የከሰዓቱም ጠብ ቀንሶ ነበር።

ስልክን በተመለከተ፣ በሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የታተመው መጽሐፍ ስላልተዳረሰ ተማሪው መጽሐፉን በፒዲኤፍ ስልኩ ላይ ጭኖ እንዲያነብ ሲነገረው ነበር። በሩ ላይ የሚቀማው ስልክ ክፍል ውስጥ «መጽሐፍህ የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የነበረ ነው። አርጩሜ ይመለስ ለሚሉ ወገኖች ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን እንደሚደነግግ ማስታወስ ይበቃል፤ እኔም አርጩሜ በነበረበት ዘመን አስተምሬአለሁ፣ ያኔም የመጨረሻው ሴክሽን የመጨረሻው ሴክሽን ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። የክፍለ ከተሞችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ዘግይተው የሚመዘገቡ ተማሪዎች ወደ አንድ ሴክሽን እንዳይጠራቀሙ ለየሴክሽኑ ጥቂት ቦታ አስቀድሞ እንዲያዝ ቢያደርጉ፣ ክፍል ደጋሚዎችም ቢበተኑ፣ ግማሹ ችግር ከመስከረም በፊት ይቃለላል። የክፍል ኃላፊ መምህር በለቀቀ ሳምንት ሌላ እንዲመደብ ርዕሳነ መምህራን ቢጠየቁበት መልካም ነው፤ ለዚህ ኃላፊነት የሚሰጠው የማስተማሪያ ሰዓት ቅናሽም ኃላፊነቱን የሚመጥን ሊሆን ይገባል፤ በር ላይ ቆሞ ስም መጥራትና ለወላጅ መደወል ጊዜ ይወስዳልና። ፈቃድ የሚወጣ መምህር የደረሰበትን ምዕራፍ፣ የሰጠውን ፈተናና የተማሪዎቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ጽፎ የሚያስረክብበት አሠራር ቢኖር ምትክ መምህር ሥራውን በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ከሩቅ ሰፈር ለሚመጡ ተማሪዎች በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት በተመለከተም የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶች ሊመክሩበት ይችላሉ።

ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ሌላ ዘገባ ስታዘጋጁ፣ ጋዜጠኛችሁ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቃለ መጠይቅ ይዞ ከመመለስ ይልቅ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የአንድን የክፍል ደረጃ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሴክሽን በአንድ ቀን፣ አንዱን በጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲከታተል ብታደርጉ፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ቅደም ተከተሉን ቢለውጥ፣ የሚጽፈውን ዘገባ በጉጉት አነብበዋለሁ። የስም መጥሪያውንም ማየት እንዳይረሳ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ አራዳ ክፍለ ከተማ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይያዝልኝ)